ከቤት ጣራና ከጥላ ዳስ መካከል ስለሚወርደው የዝናብ ውሃ

በደጋና በወይና ደጋ አገር ክረምት ሲገባ የሹሙም የባለ ግቢውም ዓይን ወደ እርሻው ይመለከታል። ጎርፍ ማሳውን እንዳይገምሰው ፈሰስ ያስወጣል፤ ያዘመመውን አጥር ያስጠግናል፤ የዘሩን መብቀልና አለመብቀል ይጠይቃል። ይህ ሁሉ የሚገባ ነው። ነገር ግን ከራሱ ጣራ ላይ የሚወርደው ውሃ ከየት ወድቆ ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለው የአገሬው አነጋገር ስለ ወንዝ ሙላት ቢነገርም፥ ስለ ጣራ ጠፈጠፍ ቢነገር ኖሮ የበለጠ እውነት በሆነ ነበር። ወንዝ ሲሞላ ያስፈራልና ሰው ይሸሸዋል፤ ጠፈጠፍ ግን ለጆሮ ደስ የሚያሰኝ ድምፅ እያሰማ የቤቱን እግር ሲቆርጥ ይከርማል።

በተለይም ጉዳቱ የሚበዛው ከቤቱ አጠገብ የጥላ ዳስ በተተከለበት ስፍራ ነው። እዚህ ላይ ዳስ ሲባል ለሠርግና ለተዝካር ተሠርቶ በሳምንቱ የሚፈርሰው አይደለም። እንግዳ የሚቀመጥበት፥ ዳኝነት የሚሰማበት፥ ቅል ወይም ወይን ወይም ሌላ ሐረግ የሚሳብበት፥ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ዓመት ከዓመት የሚቆመው ዳስ ነው። እንዲህ ያለው ዳስ ለግቢ ጌጥ፥ ለሰውም ዕረፍት መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ በቤቱ ክፈፍና በዳሱ ራስ መካከል የምትቀረው የአንድ ስንዝር ክፍተት የበጋውን ጥቅም በክረምት ታስከፍላለች።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ አስቀድሞ ልኩን ማወቅ ይገባል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ስፍራ ላይ ሲወድቅ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። አሁን ርዝመቱ 10 ሜትር፥ ወርዱ 6 ሜትር የሆነ፥ ጣራው በሁለት ወገን የሚያፈስስ የቆርቆሮ ቤት አለ እንበል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ፥ ይህም በሐምሌና በነሐሴ የሚያስገርም አይደለም፥ በጠቅላላው ጣራ ላይ የወረደው 1,200 ሊትር ነው። ከዚህም እኩሌታው፥ ማለት 600 ሊትር፥ ዳሱ ባለበት ወገን ይወርዳል። ይህ 600 ሊትር ወርዷ ከአንድ ስንዝር በማትበልጥ፥ ርዝመቷ 10 ሜትር በሆነች መስመር ላይ ስለሚወድቅ፥ በዚያች መስመር እያንዳንዱ ካሬ ሜትር 300 ሊትር ያህል ይቀበላል። በዚያው ሰዓት ሜዳው የተቀበለው በካሬ ሜትር 20 ሊትር ብቻ ነው። እንግዲህ ከግድግዳው ሥር ያለችው መሬት ከማሳው 15 እጥፍ ዝናብ ዘነበባት ማለት ነው። ባለቤቱ ግን ዛሬ መልካም ዝናብ ዘነበ ብሎ ያልፈዋል።

ቀድሞ የሣር ክዳን ቤት በበዛበት ዘመን ይህ ጉዳት ይህን ያህል አልነበረም። የሣር ክዳን ዝናቡን ጥቂት ይዞ በዝግታ ይለቅቀዋል፤ ቤቱ ክብ በመሆኑ ጠፈጠፉ በዙሪያው ተካፍሎ ይወርዳል፤ ክፈፉም ከግድግዳው ራቅ ብሎ ስለሚወጣ የጭቃው ግድግዳ እንደ ጃንጥላ ተሸፍኖ ይኖራል። የሐረር ጥንታዊ ቤትና የትግራይ ህድሞ ደግሞ ጣራቸው ደልዳላ ስለ ሆነ፥ ሠሪዎቹ ውሃው የሚወጣበትን ስፍራ ሳይመርጡ ቤቱን ሊጨርሱ አይችሉም ነበር። ቆርቆሮ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ከባድ ዕቃ ማምጣት ቀለለና የቆርቆሮ ክዳን ከመኳንንት ቤት አልፎ ወደ ብዙ ሰው ቤት ገባ። ቆርቆሮ ውሃ አይጠጣም፤ የተቀበለውን በዚያው ደቂቃ ይጥላል። ከዚህም በላይ በዋጋ የሚገዛ ስለ ሆነ ባለቤቱ አንድ ረድፍ ለመቆጠብ ሲል ክፈፉን ያሳጥረዋል። ለጭቃ ግድግዳ ክፈፉ ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ሊወጣለት ሲገባ፥ በብዙ አገር የሚታየው ግን አንድ ስንዝር ነው። ይህ ቁጠባ ከንቱ ቁጠባ ነው፤ በቆርቆሮው የተረፈው ገንዘብ በየዓመቱ ለምርጊት ይወጣልና።

ክፈፉ ካጠረ በኋላ ባለቤቱ በቤቱ ፊት ፀሐዩ ስለሚበረታ ዳስ ያስተክላል። አናጢውም የዳሱን አግዳሚ በግድግዳው ቋሚዎች ላይ በሚስማር ይመታና ራሱን በቆርቆሮ ወይም በሸምበቆ ይከድናል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው እንዲህ ነው። ከላይኛው ጣራ የሚወርደው ውሃ በዳሱ ክዳን ጫፍ ላይ ወድቆ ይረጫል፤ ከተረጨውም እኩሌታው ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ቀሪው በክፍተቱ ገብቶ በአግዳሚው ላይ ይተኛል፤ አግዳሚውም ዕርጥበቱን በሚስማሩ ቀዳዳ በኩል ወደ ቋሚው ያስተላልፋል። በታች ደግሞ ከመሬት የሚነጥረው ጭቃ ግድግዳውን እስከ ጉልበት ድረስ ያርሰዋል። በሜዳ ቢሆን ፀሐይና ነፋስ በማግሥቱ ያደርቁት ነበር፤ ነገር ግን ዳሱ ፀሐዩን ስለሚከለክል በክረምት የረጠበው ግድግዳ እስከ ኅዳር ድረስ ርጥብ ሆኖ ይቆያል።

የጭቃ ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። ምርጊቱ ሲረጥብ በውስጡ ያለው ጭድ ይበሰብሳል፤ ጭዱ ሲበሰብስ ጭቃው ከማገሩ ይላቀቃል፤ ማገሩና ቋሚው ሲገለጡ ምስጥ መንገድ ያገኛል። የባሕር ዛፍ ቋሚ ከላይ ሲያዩት እንደ ብረት የጸና መስሎ ሳለ፥ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት አንድ ጋት ላይ በቢላዋ ቢወጉት እንደ እንጀራ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው። መሬቱ ዋልካ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቤቱን በአንድ ወገን ብቻ ካነሣውና ካወረደው የድንጋይ ግንብ እንኳ ቢሆን ስንጥቅ ከማእዘኑ ጀምሮ ወደ መስኮቱ ይወጣል። ሰዎች ይህን አይተው ግንበኛውን ይወቅሳሉ፤ ወቀሳው ግን ብዙ ጊዜ ለጠፈጠፉ የሚገባ ነው።

ለእርሻ ሰው ሁሉ የሚያሳስበው ክፉ ነገር ግን ከግድግዳው በስተ ውስጥ ያለው ነው። በብዙ ቤት እህሉ በጎታ ወይም በጆንያ ሆኖ ከዚያው ከረጠበው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ይቀመጣል። ደርቆ የገባ እህል ከመቶው 13 እጅ ያህል ዕርጥበት ሲኖረው ይቆያል፤ ከዚያ ካለፈ ነቀዝ ይራባበታል፥ ሻጋታም ይይዘዋል። በበቆሎና በለውዝ በማሽላም ላይ የሚወጣው አንዳንዱ ሻጋታ በዓይን የማይታይ መርዝ የሚተው ነው፤ መርዙም የሰውንና የከብትን ጉበት ይጎዳል፥ በመቀቀልና በመጋገርም ፈጽሞ አይጠፋም። ስለዚህ የተበላሸውን እህል ለቀን ሠራተኛ ወይም ለዶሮ መስጠት ጉዳቱን ወደ ሌላ ማስተላለፍ ነው እንጂ ማዳን አይደለም። ከአንድ ክረምት ጠፈጠፍ የተነሣ የአንድ ቤት የዘር እህል ጠፍቶ በሚቀጥለው ሰኔ ዘር መበደር ከመጣ፥ የዳሱ ጥላ ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ ይታወቃል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው ቢባል፥ ዳሱን ማፍረስ አይደለም። ሥራው ሁለት መንገድ አለው፤ ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ክፉው ነገር ሁለቱን ማቀላቀል ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ለቤቱ የራሱን አሸንዳ ሰጥቶ ዳሱን ለብቻው ማቆም ነው። አሸንዳው በቤቱ ክፈፍ ሥር ይታሰራል፤ የቆርቆሮውም ጫፍ ወደ አሸንዳው ሆድ ሦስት ጣት ያህል ገብቶ ይቀመጣል። አሸንዳው በየ2 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ማዘቅዘቅ አለበት፤ ከዚህ ያነሰ እንደ ሆነ ውሃው ይተኛል፥ ትንኝም ያፈራል። መያዣው ብረት በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ካልተመታ በበረዶ ክብደት ይጎብጣል። ዳሱ ደግሞ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ በራሱ አራት ወይም ስድስት እግር ይቆማል። እግሩ በአፈር ውስጥ ሳይቀበር በተጠረበ ድንጋይ ላይ ቢቀመጥ ከምስጥ ይድናል። በዚህ ዓይነት የተሠራ ዳስ ራሱ ቢበሰብስ እንኳ ቤቱን ይዞ አይወድቅም። የሐረግ ዳስ ለሚተክል ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ ቤቱን ሳይነካ በየጊዜው ሊገርዘውና ሊያድሰው ይችላልና።

ሁለተኛው መንገድ ዳሱን ከቤቱ ጋር አንድ አድርጎ እንደ በረንዳ መክደን ነው። በዚህ ጊዜ የዳሱ ክዳን ከቤቱ ክፈፍ በታች ቢያንስ ሁለት ስንዝር ገብቶ ወደ ውጭ እያዘቀዘቀ ይሄዳል። ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ስፍራ አንድ የታጠፈ ቆርቆሮ ያሻዋል። የዚህ ቆርቆሮ አንዱ ክንፍ በዳሱ ክዳን ላይ ይተኛል፤ ሁለተኛው ክንፍ በግድግዳው ላይ አንድ ስንዝር ያህል ይወጣና ጫፉ በምርጊቱ ውስጥ ተቀብሮ በሲሚንቶ ወይም በኖራ ይደፈናል። ጫፉን ሳይቀብሩ በሚስማር ብቻ መምታት ዋጋ የለውም፤ ውሃው ከበስተ ኋላው ገብቶ ከፊተኛው የባሰ ሥራ ይሠራል።

ነገር ግን በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማሰብ ያለበት የአሸንዳውን ልክ ነው። አናጢው፥ «ጌታዬ፥ ዳሱ 3 ሜትር ብቻ ነውና ትንሽ አሸንዳ ይበቃዋል» ቢል፥ ባለቤቱ፥ «የላይኛውስ ጣራ ውሃውን ለማን ያስረክባል?» ብሎ ሊመልስለት ይገባል። ብዙ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ሕግ ለ1 ካሬ ሜትር ጣራ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር የአሸንዳ ሆድ የሚሰጠው ነው። ርዝመቱ 10፥ ወርዱ 3 ሜትር የሆነ ዳስ 30 ካሬ ሜትር ነው። አፉ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግማሽ ክብ አሸንዳ ሆዱ 39 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ ለዳሱ ብቻ ቢሆን በበቃው ነበር። ነገር ግን የቤቱ ጣራ እኩሌታ ሌላ 30 ካሬ ሜትር ውሃ በላዩ ይጥልበታል፤ ድምሩ 60 ሲሆን ያ አሸንዳ ይሞላና ከፊት ሳይሆን ከኋላ፥ ማለት ወደ ተቀመጡት ሰዎች፥ ይፈስሳል። ስለዚህ አፉ ከ14 ሳንቲ ሜትር የማያንስ አሸንዳ ያስፈልጋል፤ የዚህም ሆዱ 77 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። መውረጃው ቧንቧም 8 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ቅጠልና በረዶ አይዘጉትም። ዋጋው ጥቂት ይጨምራል፤ ሥራው ግን አንድ ጊዜ ይሠራል።

ቆርቆሮ ሠሪ በሌለበት ገጠር አሸንዳ ከወፍራም ቀርከሃ በመሰንጠቅ ወይም ግንድ በመቦርቦር ይሠራል። በሁለትና በሦስት ዓመት መለወጥ ይኖርበታል እንጂ ለጊዜው ሥራውን ይሠራል። ዕቃ አይገኝም ተብሎ ውሃው በግድግዳ ላይ ሊለቀቅ አይገባም።

ሐረግን ስለ ማሳብ አንድ ቃል መጨመር ያሻል። ወይን ቅጠሉ ሲረጥብ በሻጋታ በሽታ ይያዛል፤ ስለዚህ ግንዱን ከጠፈጠፉ መስመር ቢያንስ 1 ሜትር አርቆ መትከል ይገባል። ቅል ግን ውሃ ይወዳልና በአሸንዳው መውረጃ አጠገብ ቢተከል ደስ ይለዋል፤ ብቻ ሐረጉ ወደ አሸንዳው እንዳይወጣ መቆረጥ አለበት፤ ከወጣ በአንድ ክረምት አሸንዳውን ሞልቶ ይዘጋዋል። ባሕር ዛፍ በግቢው ያለው ሰው ደግሞ በየሳምንቱ ቅጠል ማስጠረግ ዕጣው መሆኑን ይወቅ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለማገዶና ለቤት ሥራ የተተከለው ይህ ዛፍ ብዙ ጥቅም ቢሰጥም፥ ለአሸንዳ ግን ጠላት ነው።

ውሃን ከሕንጻ ማራቅ ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው፥ ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍለው በጉድጓድ ውስጥ የቆሙ ሕንጻዎች ስምንት መቶ ያህል ክረምት እንዴት ሳይሞሉ እንደ ቀሩ ሳይጠይቅ አይመለስም። መልሱ በእግር ሥር ነው፤ ቅጥሩን የሚዞሩት ቦዮችና ፈሰሶች ውሃውን እየሰበሰቡ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ያወጡታል። እነዚያ ጠራቢዎች ቤተ ክርስቲያኑን ከመቅረጻቸው በፊት የውሃውን መውጫ ማሰብ ነበረባቸው፤ ከቋጥኝ የተጠረበ ነገር ከተሠራ በኋላ አይታረምምና። ይሁን እንጂ ዘመኑ ሲረዝም ዝናቡ ጣራዎቹን ስለ ጎዳቸው፥ በ1970 ዓመተ ምሕረት በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፥ በ2000 ዓመተ ምሕረት፥ በአንዳንዶቹ ላይ ትልልቅ የጥላ ክዳን ተተከለ። ክዳኑ ዝናቡን ከልክሏል፤ ነገር ግን ክብደቱና እግሮቹ ለቋጥኙ ያሰጋሉ ተብሎ ብዙ ክርክር ተነሥቷል። አንድን ሕንጻ ለመጠበቅ በአጠገቡ የሚቆመው ጥላ ራሱ መጠበቅ እንደሚያሻው ከዚህ የበለጠ ምስክር አይፈለግም። በአክሱም ደግሞ የንግሥተ ሳባ መታጠቢያ እየተባለ የሚጠራው ማይ ሹም ከኮረብታው የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ተቀብሎ ያኖራል። የቀድሞ ሰዎች ውሃን ማባረር ብቻ ሳይሆን ማስቀመጥንም ያውቁ እንደ ነበረ ይህ ያስረዳል።

በመሬቱ ላይ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው፤ ቀላል ስለ ሆነም ይናቃል። ከግድግዳው ጀምሮ እስከ 1 ሜትር ድረስ መሬቱ ወደ ውጭ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲያዘቀዝቅ ተደርጎ በድንጋይ ይነጠፋል። ጠፈጠፍ የሚወድቅበት መስመር ጠጠር ቢደረግበት ጭቃው አይነጥርም። ከንጣፉ ጫፍ በድንጋይ የተገነባ ቦይ ውሃውን ወደ አትክልት ስፍራ ይወስደዋል። ወደ ጎረቤት ቅጥር፥ ወደ መንገድ፥ ወይም ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ መልቀቅ ግን ነውርም ጉዳትም ነው። በክረምት በየወረዳው ከሚነሣው የጎረቤት ክርክር ስንቱ ከጠፈጠፍ እንደሚጀምር ዳኝነት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ደግሞ ውሃው ጠላት መሆኑ ቀርቶ ሀብት ስለሚሆንበት መንገድ ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህም ነሐሴ ብቻውን ከ250 በላይ ያዘንባል። ከላይ የተነገረው የ60 ካሬ ሜትር ጣራ በዚህ ልክ በዓመት 72,000 ሊትር ይቀበላል። በመርጨትና በመትነን የሚጠፋው ከመቶው 20 ቢቀነስ 57,600 ሊትር ይቀራል። አንድ እንስራ 20 ሊትር ቢይዝ፥ ይህ 2,880 እንስራ ነው። የቤቱ ሴቶችና ልጆች ከወንዝ እየተሸከሙ የሚያመጡት ውሃ ከዚያው ከጣራው ላይ ያለ ድካም ሲወርድ ኖሮ፥ ግድግዳውን አፍርሶ ወደዚያው ወንዝ ይሄድ ነበር ማለት ነው።

አንዳንድ ሰው አንድ በርሜል ከመውረጃው ሥር ካቆመ የተቻለውን ሁሉ ያደረገ ይመስለዋል። በርሜል 200 ሊትር ብቻ ይይዛል፤ በአንድ መልካም ዝናብ ከሩብ ሰዓት በፊት ሞልቶ ይፈስሳል፤ የሚፈስሰውም በዚያው በግድግዳው ሥር ነው። በደረቅ ወራት ደግሞ 20 ካሬ ሜትር የጎመን መደብ በቀን 100 ሊትር ያህል ስለሚጠጣ፥ በርሜሉ የሚያገለግለው ሁለት ቀን ነው። በርሜል ከምንም ይሻላል፤ ቤቱን የሚያጠግበው ግን ጉድጓድ ወይም ትልቅ ታንከር ነው። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት ለእያንዳንዱ በቀን 15 ሊትር ቢያስብ 90 ሊትር ያወጣል፤ ለ120 ደረቅ ቀናት 10,800 ሊትር ይሆናል። ርዝመቱና ወርዱ 2 ሜትር፥ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ፥ በድንጋይ ተገንብቶ በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ 12,000 ሊትር ስለሚይዝ ለዚህ ይበቃል። በሶማሌ አገር ብርካ እየተባለ የሚሠራው የሲሚንቶ ጉድጓድ ዓይነቱ ይኸው ነው፤ ነገር ግን እዚያ ውሃው የሚሰበሰበው ከመሬት ላይ ስለ ሆነ ደፍርሶ ይገባል፤ የጣራ ውሃ ከዚያ የጠራ ነው። መሬቱ ዋልካ በሆነበት አገር ግን የተቀበረ ጉድጓድ ስለሚሰነጠቅ ከመሬት በላይ የሚቆም ታንከር ይመረጣል።

ጉድጓዱ ከቤቱ ግድግዳ ከ3 ሜትር ባላነሰ፥ ከመጸዳጃም ከ30 ሜትር ባላነሰ ርቀት ይቆፈር። አፉ በጠንካራ መክደኛ ይዘጋ፤ ልጅ ይወድቅበታልና። ውሃው የሚገባበትና ሲሞላ የሚወጣበት ቀዳዳ በጥቅጥቅ ወንፊት ይሸፈን፤ የወባ ትንኝ በተከማቸ ውሃ ላይ ዕንቁላሏን ጥላ በአሥር ቀን ያህል ውስጥ አዲስ ትንኝ ትወጣለች። በቆላና በወይና ደጋው ታችኛ ክፍል ለአትክልት ተብሎ የተቆፈረ ክፍት ጉድጓድ መንደሩን በወባ ሊያስተኛ እንደሚችል ሹማምንት ማስጠንቀቅ አለባቸው። ከበጋ በኋላ የሚዘንበው የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚያወርድ ወደ ጉድጓዱ አይግባ። ለ60 ካሬ ሜትር ጣራ ቢያንስ የመጀመሪያው 60 ሊትር በመውረጃው ላይ በተበጀ መለያ ወደ ውጭ ይለቀቅ። የሚጠጣው ውሃ ይፈላ። ከሣር ክዳን የሚወርደው ውሃ ቀለሙና ሽታው መልካም ስላልሆነ ለአትክልትና ለምርጊት ካልሆነ በቀር አይሰብሰብ።

ስለ መኖሪያ ቤት ይህ ሁሉ ከተነገረ፥ ስለ ትምህርት ቤት፥ ስለ ጤና ጣቢያና ስለ እህል መጋዘን የበለጠ ማሰብ ይገባል። ርዝመቱ 40፥ ወርዱ 8 ሜትር የሆነ ትምህርት ቤት 320 ካሬ ሜትር ጣራ አለው፤ በአንድ የ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 6,400 ሊትር ይጥላል። እንዲህ ያለው ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከኮረብታ ጫፍ ላይ ይሠራል፤ በፊቱም ልጆች የሚጠለሉበት ዳስ ይተከልለታል። አሸንዳ ካልተሰጠው ከጥቂት ክረምት በኋላ ከሥሩ ቦረቦር ይጀምራል፤ ቦረቦሩም በታች ያለውን የገበሬ ማሳ ይከፍላል። ገበሬው እርከን እንዲሠራ ሲታዘዝ፥ የመንግሥት ጣራ በላዩ ጎርፍ የሚለቅቅበት ከሆነ ትእዛዙ እንዴት ይከበራል? ለአዲስ ሕንጻ የሥራ ውል ሲጻፍ አሸንዳውና ቦዩ በውሉ ውስጥ በግልጽ ይግቡ። ሕንጻው አልቋል ተብሎ ሲረከብም ተረካቢው በጋ ቢሆን እንኳ ውሃ በባልዲ ወደ ጣራ አስወጥቶ አስፈስሶ ይመልከት።

ጊዜውን ስለ መወሰን፥ አሸንዳና መውረጃ በበልጉ አገር ከየካቲት በፊት፥ በክረምቱ አገር እስከ ግንቦት መጨረሻ ተጠርጎ ማለቅ አለበት። የታጠፈው ቆርቆሮ የተቀበረበት ምርጊት ከተሰነጠቀ በዚያው ጊዜ ይደፈን። ጉድጓዱ በዓመት አንድ ጊዜ፥ ውሃው ሊያልቅ በደረሰበት በሚያዝያ ወይም በግንቦት፥ ዝቃጩ ወጥቶ ይታጠብ። አዲስ ዳስ ለማስተከል የሚያስብ ሰውም በበጋ ቸኩሎ ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ያድርግ፤ በሐምሌ ዝናቡ በበረታበት ሰዓት ጃንጥላውን ይዞ ይውጣና ከክፈፉ የሚወርደው ውሃ የሚመታበትን፥ ነፋስም ሲገፋው የሚደርስበትን ስፍራ አይቶ በችካል ያስመልክት። የዳሱ እግር ከእነዚያ ችካሎች በየትኛው ወገን እንደሚቆም በመስከረም ከአናጢው ጋር ይወስናል።